የላውንደሪዋ ቋጠሮ

ልደት የኤሌክትሪክ ሥራ መማር በጀመረች በአራተኛው ቀን ግማሽ ሊትር የኒውትራል ዘይት እንድትገዛ ለገሃር ተላከች።

የላካት ደጋጋ ነው። ደጋጋ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ አዲስ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የቢሮ መስመር የሚዘረጋው ቡድን ቀልደኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የባሰ። ከጎኑ ቆሞ በቁም ነገር ራሱን የሚነቀንቀው ደግሞ ሳላሀዲን ነው። ሳላሀዲን ዝምተኛ ነው፤ ፊቱ ላይ ሳቅ አይገኝም። ስለዚህ ደጋጋ ውሸት ሲያወራ ምስክር የሚያደርገው እሱን ነው።

«ኒውትራሉ ደርቆ እየጮኸ ነው። አይሰማሽም?» አለ ደጋጋ።

ሳላሀዲን ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈና ትንሽ አዳመጠ። «ደርቋል» አለ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ቀስ ብሎ ማየት ጥሩ ነው፤ ደግሞም ደስ የሚል ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ሥራ እንዲሠራልን መሄጃና መመለሻ ይፈልጋል። መሄጃው ሽቦ ፌዝ ይባላል፤ ብንነካው የሚነዝረን እሱ ነው። አምፖሉን አብርቶ የሚመለስበት ሽቦ ኒውትራል ነው። ሁለቱም መዳብ ናቸው፤ እንደ በር ማጠፊያ አይዞሩም፣ አይፋጩም፣ አይጮኹም። የኒውትራል ዘይት የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም።

ልደት ግን ይህን ገና አልተማረችም። ለገሃር ወርዳ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ጠየቀች። ሻጩ ፊቱን ሳይለውጥ «ትናንት ነው ያለቀው፤ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቢ» አላት። ቀጥሎ ያለው «ቀጭኑን ነው ወፍራሙን?» ብሎ ጠየቃትና ወደ ሦስተኛው ላካት። ሦስተኛው ወደ አራተኛው። የለገሃር ነጋዴ ይህን ጨዋታ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጀማሪ ሲመጣበት ማንም ቀድሞ አይስቅም፣ ማንም አያጋልጥም።

አራተኛው ሱቅ ላይ ግን ሻጩ ከንፈሩን ሲነክስ አየችው። ልደት አሥራ አራት ዓመት ከላውንደሪ ባንኮ ጀርባ የቆመች ሴት ናት። «እድፍ የለውም፣ ትንሽ አቧራ ብቻ ነው» የሚል ደንበኛ ፊት ስታነብ ኖራለች። የሻጩንም አነበበችው።

አልተናደደችም። ወደ ሳይቱ ስትመለስ አንድ የምታውቀው ልብስ ሰፊ ጋ ጎራ ብላ በትንሽ ጠርሙስ የስፌት መኪና ዘይት ለመነች። ጠርሙሱ አንገት ላይ ቁራጭ ጨርቅ አሰረችና «ኒውትራል» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ አራተኛ ፎቅ እያለከለከች ወጣች።

«እንዴት ያለ ጣጣ ነው የሰጠኸኝ!» አለችው ደጋጋን። «ግማሽ ሊትር ከየት ይምጣ? ይቺው የመጨረሻዋ ነበረች። ሰውየው ከምሳ በፊት፣ ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ ካለፈ ብሬከር ያበላሻል ብሏል።»

ደጋጋ ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ። ሳላሀዲንን አየው። የሳላሀዲን ቅንድብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትንሽ ከፍ አለች። ደጋጋ ጠርሙሱን መልሶ ከደነው። ማታ ዕቃ ሲሰበሰብ ግን ደጋጋ ጠርሙሷን በናስትሮ፣ በሽቦ መጠቅለያው ፕላስተር፣ ጠቅልሎ መሣሪያ ሣጥኑ ጥግ ላይ ሲያስቀምጣት ልደት በዓይኗ ጥግ አየች።

ልደት ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የሠራችበት ላውንደሪ እዚያው ካዛንቺስ ውስጥ፣ አሁን ሰፊ መንገድ በሆነው በኩል ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ የላውንደሪው ባለቤት ማሽኖቹን ሸጡ፣ ልደትም ወሎ ሰፈር ካለች አንዲት ክፍል ቤቷ ቁጭ አለች። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቻለችው። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት፣ የራሷን ጓንት ይዛ፣ ካቦ መብርሃቶም ፊት ቆመች።

ካቦ መብርሃቶም የቡድኑ አለቃ ናቸው፤ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ሲገረሙ ትግርኛ የሚቀድማቸው ሰው። የላውንደሪው ማድረቂያ በተበላሸ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ልደት ባትሪ ታበራላቸውና ትጠይቃቸዋለች፤ ይህ ለምን ቀይ ሆነ? ያኛው ለምን ወፈረ? አንድ ቀን ሰልችቷቸው «አንቺ ልጅ፣ ይልቅ መጥተሽ ለምን አትማሪም?» አሏት። ቀልዳቸውን ነበር። ልደት ግን ቃላቸውን አስቀምጣው ኖራ ይዛባቸው መጣች።

«ግድግዳ መፈልፈል ነው እኮ መጀመሪያ» አሏት።

«እፈለፍላለሁ፣ ጋሽ መብርሃቶም።»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ ማስለቀቅ ነው የኔ ሥራ።»

ፈለፈለች። ሽቦ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ ቀበረች፣ ቱቦው ውስጥ ሽቦ ጎተተች፣ የሽቦ ጫፍ መላጥ ተማረች። ሽቦ መላጥ ቀላል ይመስላል፤ ፒንሳውን ትንሽ ካጠበቁት ግን መዳቡ ይጫራል፣ የተጫረ መዳብ ዛሬ ባይሆን ከዓመት በኋላ ይሰበራል። ካቦው ጥፍራቸውን መዳቡ ላይ እያስኬዱ ይፈትሻሉ። ጥፍራቸውን ከያዘው ይቆረጣል፣ እንደገና ይላጣል።

የሕንፃ መስመር ከመኖሪያ ቤት መስመር እንዴት እንደሚለይ ሲያስረዷትም በላውንደሪ ነው ያስረዷት። «ሁለት ካውያ አንድ ሶኬት ላይ ስትሰኩ ምን ይሆናል?» «ብሬከሩ መስመሩን ቆርጦ ይወርዳል» አለች። «እዚህ ስልሳ ኮምፒውተር፣ አርባ መብራት፣ ስድስት የውሃ ማፍያ አለ። ስለዚህ ሦስት ፌዝ ነው የሚገባው፤ ሸክሙን ለሦስቱ እኩል ታካፍያለሽ። አንዱን ብታስጨንቂ ሁለቱ ሥራ ፈትተው አንዱ ይቃጠላል።» ልደት ወዲያው ገባት። የሦስት ማሽን ልብስ አንዱ ውስጥ ጠቅጥቆ ሁለቱን ባዶ የሚያዞር ሠራተኛ አይታለች፤ ከሥራ የተባረረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እሷም በበኩሏ አንድ ነገር ይዛ መጣች፤ የጨርቅ ቁጥር። ላውንደሪ ውስጥ እያንዳንዱ ልብስ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ጨርቅ በክር ይታሰርለታል። ክሩ የሚቋጠርበት መንገድ አለ፤ ሙቅ ውሃና ማሽን የማይፈታው፣ ትክክለኛዋን ጫፍ ለሚያውቅ ሰው ግን አንዴ ሳብ ሲያደርጋት የሚለቅ። ልደት አራተኛው ፎቅ ላይ ያሉትን አርባ የመብራት መገናኛ ሣጥኖች አንድ በአንድ እንዲህ አሰረች። መገናኛ ሣጥን ማለት ከኮርኒሱ በላይ ፌዙ፣ ኒውትራሉና ከማብሪያ ማጥፊያው የመጣው ሽቦ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ሣጥን አፍ ላይ፣ በኮርኒሱ መክፈቻ ከታች እንዲታይ፣ ሽቦዎቹን በአንድ ክር ጠቅልላ ቁጥር አንጠለጠለችላቸው፤ ቁጥሮቹን በደብተሯ ጻፈች።

«ላውንደሪ!» አላት ደጋጋ፣ መሰላሉን ከታች እየነቀነቀ። «መቼ ነው ታጥበው የሚደርሱት?»

«ያንተ ሐሙስ ይደርሳል። እድፉ በዝቷል።»

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ የእባቡ ቀን ደረሰ።

የዚህ ቡድን ልማድ እንዲህ ነው። ጀማሪ ሰው ሦስት ወር ሲሞላው ካቦው ተሠርቶ ባለቀ ፎቅ ላይ ማታ ብቻቸውን ይገቡና አንድ ስህተት በእጃቸው ይሠራሉ። ስህተቱ እባብ ይባላል። ጀማሪው በማግስቱ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ማለትም እስከ ምሳ፣ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ካገኘ ቴስተር ይሰጠዋል። ቴስተር ጭራው ውስጥ ትንሽ መብራት ያለባት ካቻቪቴ ናት፤ ጫፏ ፌዝ ሲነካ ትበራለች። ዕቃዋ ተራ ነው፤ በደረት ኪስ የሚሰካት ግን ኤሌክትሪሺያን ነው። እስከዚያ ድረስ ልደት የካቦውን ቴስተር ጠዋት ትዋሳለች፣ ማታ ኪሳቸው ውስጥ ትመልሳለች።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ከልማድም በላይ ነበር። የሚቀጥለው ሥራ ባምቢስ ነው፤ ሱቆቹ እየነገዱ፣ ከደንበኛ ራስ በላይ የሚሠራ ሥራ። ካቦው «ቴስተር የሌለው ሰው እዚያ አላስገባም» ብለዋል። ልደት እባቡን ካላገኘች ባምቢስ የለም። ሌላ ሳይት እንዳትሄድ ደግሞ ቀድሞውኑ ሁለት ጠይቃ ነበር፤ አንደኛው ካቦ ከላይ እስከ ታች አይቷት «ሻይ ማፍላቱን ነው?» ብሎ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረች። አልሮጠችም። ቁጥር አንድ ላይ ያለውን መብራት አበራች፣ አጠፋች፣ ጠፍቶ እያለ የአምፖሉን መያዣ በቴስተር ነካች። ቴስተሩ ካልበራ ትክክል ነው። ሣጥኑን ለማየት ስትፈልግ ብሬከሩን አውርዳ «ልደት ኮርኒስ ውስጥ ናት፣ አትንኩ» የሚል ጨርቅ ታንጠለጥልበታለች። በደብተሯ ምልክት። ቁጥር ሁለት።

«እባቡ እየሰማሽ ይሆን?» ይላል ደጋጋ ከታች። «ጥሪው እስቲ፣ በስሙ ጥሪው።»

ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ እጇ ቆመ። ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ሽቦዎቹን አየች፤ ፌዙ በማብሪያ ማጥፊያው በኩል፣ ኒውትራሉ በቀጥታ ወደ አምፖሉ። ትክክል። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ቀጠለች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቁጥር አርባን ጨረሰች። እባብ የለም።

መሰላሉ ላይ ተቀመጠች። ላቧ ከአቧራው ጋር አንገቷ ላይ ተቦክቷል። ወይ አንድ ቦታ አልፋዋለች፣ ወይ የለም። ደብተሯን ከአንድ እስከ አርባ በጣቷ ወረደችበት። አላለፈችም። የሌለ ነገር ፍለጋ ስትላክ ደግሞ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ግን «የለም» ብላ ቢገኝስ? ባምቢስ እዚያው ላይ አበቃ።

ወረደች። «ጋሽ መብርሃቶም፣ እባብ የለም።»

ደጋጋ አጨበጨበ። ካቦው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ በገዛ እጄ ነው የደበቅኩት። ግማሽ ሰዓት አለሽ፤ ፈልጊ።»

«የደበቁት ቁጥር ሃያ ሦስት ውስጥ ነው» አለች ልደት። «አሁን ግን የለም።»

ካቦው አፋቸውን ከፈቱ። መሰላሉን ወጡ፣ ራሳቸውን ኮርኒሱ ውስጥ አስገቡ። ለረጅም ጊዜ እግራቸው ብቻ ታየ። ከዚያ ከላይ «እንታይ ኮይኑ? ምን ሆነ?» የሚል ድምፅ ወረደ፣ እሱን ተከትሎ እሳቸው። «ኒውትራሉን ነበር በማብሪያ ማጥፊያው ያሳለፍኩት። ማን አስተካከለው? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ብሆን ክሩ እንዲህ አይታሰርም። አርባውንም ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ላይ ያለው ቋጠሮ ግን የኔ አይደለም። የሰው ጫማ ማሰሪያ ነው የሚመስለው። ሽቦው ደግሞ ትክክል ነው። ሰው ከፍቶ አበላሽቷል፣ ሌላ ሰው ከፍቶ አስተካክሏል። ሁለተኛውን አላውቀውም።»

አላውቀውም ስትል ግን የምታየው ሳላሀዲንን ነበር። የሳላሀዲን ፊት እንደ ወትሮው ነው፤ ጆሮዎቹ ግን ቀልተዋል።

«ጠዋት ቀድሜ ገባሁ» አለ በመጨረሻ። «መብራቱን አጥፍቼ አምፖሉን ልቀይር ስል ነዘረኝ። ከፍቼ ሳይ ኒውትራሉ ተገልብጧል። የእባቡ ቀን መሆኑ ትዝ አላለኝም፤ በቃ፣ አስተካከልኩት። ካቦው አይተው እንዳይቆጡ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ማንን እንዳይቆጡ?» አለ ደጋጋ።

«አንተን ነዋ።»

«እኔ ነኝ ኒውትራል የምገለብጠው?!»

«ሌላ ማን አለ?»

ካቦው ሳቃቸውን በሳል አስመስለው ሸፈኑ። ለማያውቅ ሰው፣ ሳላሀዲን እንዴት እንደተነዘረ ማየት ጠቃሚ ነው፤ የዚህ እባብ ክፋት ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ማብሪያ ማጥፊያ መቁረጥ ያለበት መሄጃውን፣ ፌዙን ነው። መመለሻውን ቢቆርጥም መብራቱ ይጠፋል፤ ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም። ፌዙ ግን አምፖሉ መያዣ ድረስ መጥቶ ቆሞ ይጠብቃል። ጠፍቷል ብሎ እጁን የሰደደ ሰው ያገኘዋል።

ደጋጋ የተበደለ መስሎ እጁን አጣመረ። «ይሁን። ግን ልማዱ ልማድ ነው። እባብ ይገኛል ነው የሚለው። የሌለ እባብ አልተገኘም፤ ስለዚህ አላገኘችም።»

«ዝም በል አንተ» አሉ ካቦው፤ ግን ሰዓታቸውን አዩ። ለስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ጉዳይ ነው። «እንደገና እደብቃለሁ። ምሳ ሰዓት ግን አይነካም። ሁላችሁም ውጡ።»

«እንደፈለጉ ይደብቁ፣ ጋሼ» አለች ልደት። «ክሩን ብቻ መልሰው ይሰሩልኝ፤ ቁጥር እንዳይወድቅብኝ።»

ካቦው በሩ ላይ ቆም ብለው አዩዋት። ፊታቸው ላይ የተንኮል ፈገግታ ነበረ።

ሦስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከውስጥ መሰላል ሲጎተት ይሰማል፤ እዚህ፣ ከዚያ ሩቅ፣ ከዚያ እንደገና እዚህ። ካቦው ሲወጡ ሸሚዛቸው ረጥቦ፣ ፀጉራቸው ጂፕሰም ለብሶ ነበር። ስድስት ሊሆን ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል።

ልደት ገባች። ቁጥር አራት፤ ቋጠሮው የእሷ አይደለም። ቁጥር ሰባትም አይደለም። አሥራ አንድም። ካቦው አንድ ቦታ ደብቀው አሥር ቦታ ቋጠሮ አበላሽተዋል። አሥር ሣጥን በዘጠኝ ደቂቃ ተከፍቶ አይፈተሽም።

«ምሳ ምን እንብላ?» ይላል ደጋጋ ከበሩ።

እሷ ግን ሣጥን አልከፈተችም። በባትሪዋ አሥሩንም ቋጠሮ ብቻ እየሄደች አየች። ዘጠኙ እንደነገሩ የተጠመዘዙ ናቸው፣ ለይስሙላ። አሥረኛው፣ መጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ ያለው ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ ለየት ይላል። ጫፎቹ እኩል ናቸው፣ ክሩ ሁለቴ ዞሯል፣ ጨርቋ ተስተካክላ ተንጠልጥላለች። የእሷን ቋጠሮ ለመምሰል የደከመ ሰው ሥራ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው።

ልደት ለብቻዋ ሳቀች። ላውንደሪ ውስጥ ይህን ታውቀዋለች። ልብሱን ጨምድዶ የሚወረውር ደንበኛ የሚደብቀው የለውም። አጣጥፎ፣ የተተኮሰ አስመስሎ የሚያመጣው ደንበኛ ግን እድፉ በሁለተኛው እጥፋት ውስጥ ነው።

የኮሪደሩን መብራት አበራች። አጠፋችው። መሰላል ወጥታ የጠፋውን አምፖል መያዣ በቴስተር ነካች።

ቴስተሩ በራ።

ወርዳ ብሬከሩን አወረደች፣ ጨርቋን አንጠለጠለች፣ ሣጥኑን ከፈተች፣ ኒውትራሉን ወደ ቦታው መለሰች። አልቸኮለችም፤ ሦስት ደቂቃ ተርፏታል። ጥፍሯን መዳቡ ላይ አስኬደች፤ አልያዛትም። በመጨረሻ ክሩን በራሷ ቋጠሮ አሰረችው።

«ሠላሳ ሰባት» አለች ስትወርድ። «ዘጠኙን ቸል ብለው አንዱን ባያሳምሩ ኖሮ ሳላገኘው ምሳ ይደርስ ነበር።»

ካቦ መብርሃቶም ቀና ብለው ሠላሳ ሰባትን አዩ። ከዚያ «ሰው ስህተቱን እንዲህ አሳምሮ ይደብቃል፣ አየህ» አሉት ደጋጋን፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል። ልደት እንደ ሁልጊዜው ቴስተሩን ጠርጋ ወደ ደረት ኪሳቸው ዘረጋች። ካቦው ኪሱን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ቁጥር እሰሪበት» አሏት። «እዚህ ቡድን ውስጥ ዕቃ ይሰረቃል።»

ሰኞ ጠዋት አራቱም መሣሪያ ተሸክመው ወደ ባምቢስ ሄዱ። ካቦው ከፊት ናቸው። የልደት ደረት ኪስ ላይ ቴስተሩ ተሰክቷል፤ ጭራው ላይ ትንሽ ጨርቅ ተንጠልጥላበታለች።

ደጋጋ ቀስ ብሎ ከጎኗ ተጠጋ። መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጠርሙስ እየተንኳኳች ነው።

«ልደት፣ በናትሽ… ማለቴ፣ በቀልድ አይደለም። ያ ዘይት… እውነት አለ እንዴ?»

ልደት ዞር ብላ ሳላሀዲንን አየችው። ሳላሀዲን ትንሽ አሰበ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የለም።

«ቆጥበህ ተጠቀም» አለ። «ባምቢስ አይገኝም።»